አራት ሞክሼ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ የሠራሁትን ስህተት ያለዚህ ማስረዳት ስለማልችል ነው። ፋይሉ የሚደረደረው በባለቤቱ ስም ነበር፣ ከሀ ጀምሮ እስከ መጨረሻው። የአባት ስም የሚታየው ሞክሼ ሲበዛ ለመለየት ብቻ ነው። ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስሙን ሲነግረኝ ወዲያው ፋይሉን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። ካጣሁት ደግሞ "የለም" እላለሁ። እኔ የለም ካልኩ የለም ነው፤ ይህን አለቃዬም ያውቁ ነበር።

ሲያትል ስመጣ ይህን ሙያ የሚፈልግ አላገኘሁም። እንደ ብዙው አበሻ እዚህም እዚያም ስል ቆይቼ በመጨረሻ ሆም ኬር ገባሁ፤ በየቤታቸው ያሉ አቅመ ደካሞችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት ነው ሥራው። የምኖረው ማውንትሌክ ቴራስ፣ የተመደብኩት ማውንት ቤከር። ስማቸውን ለሰማ ጎረቤት ይመስላሉ፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ እየቀያየርኩ ነበር የምደርሰው። ነገሩ የጀመረው የሲያትል ቀላል ባቡር ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው።

የተመደብኩላቸው ሰው ሰማንያዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው እሑድ እሑድ ትመጣለች። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም። አባቴን የሚያህል ሰው አንተ ማለት ስለማይሆንልኝ ግን "ጋሼ" እላቸው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው" አልኳቸው። "ወንድም ለመሆን እንኳ አርጅቻለሁ" አሉና ተቀበሉት። እሳቸው ደግሞ የእኔን ስም ሦስት ቦታ እየሰበሩ ይጠሩኛል። ከመኝታ ቤት ሲጠሩኝ ሳላስበው "አቤት" እላለሁ። አንድ ቀን እሱንም ጠየቁኝ።

"ሰው ሲጠራ የሚመልሰው ነው" አልኳቸው። "አለሁ፣ ምን ልታዘዝ እንደማለት።" ትንሽ አሰብኩና የተበደለ ሰውም መንግሥት ዘንድ ሄዶ አቤት እንደሚል፣ መዝገብ ቤት ስሠራ ከሚመጣው ወረቀት ግማሹ አቤቱታ እንደነበር ነገርኳቸው።

"አንድ ቃል ነው?"

"አንድ ቃል ነው።"

"ለተጠራም፣ ለተበደለም?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አሳጥራችሁታል" አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ያለ ምንም ጉዳይ ይጠሩኛል፤ አቤት ስል ከመኝታ ቤት ሳቃቸው ይሰማኛል። እኔም በማያስቅ ነገር ስለሚስቁ ትንሽ እናደድ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ጣቶቻቸው የተጣመሙ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ከመሃሉ ወደ ጎን ዞሯል፤ ትንሿ ጣት አትታጠፍም፤ አውራ ጣታቸው ሥር ደግሞ ጠጠር ያለ ጉብታ አለ። መጀመሪያ ሪህ መስሎኝ በቅባት ሳሻቸው ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጥፍራቸውን ስቆርጥ "ይሄ ሪህ አይደለም፤ ቤዝቦል ነው" አሉኝ።

እኔ የማውቀው ኳስ በእግር የሚለጋውን ነው። ሶ፣ ከሀ ጀምረው አስረዱኝ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ያልተመታውን ኳስ በትልቅ የቆዳ ጓንት የሚቀበለው ሰው ካቸር ይባላል። ካቸሩ በጭኖቹ መሃል በጣቱ ምልክት እያሳየ ለወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚፈልግ ይነግረዋል። ጋሼ ካቸር ነበሩ። የነጮቹ ሊግ ጥቁር በማያስገባበት ዘመን ጥቁሮቹ የራሳቸው ቡድኖችና የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው፤ እሳቸውም ደቡብ ውስጥ ከነዚያ ቡድኖች በአንዱ ተጫውተዋል።

በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ሆቴሉ ስለማያስገባቸው እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ይተኛሉ። ምግብ ቤቱ በጓሮ በር ካልሆነ ስለማይሸጥላቸው ሰርዲንና ብስኩት ይበላሉ። የነጮቹ ቡድን ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲሄድ ሜዳውን ያከራዩአቸዋል፤ መታጠቢያ ቤቱን ግን ቆልፈውት ነው የሚሄዱት። ከነላባቸውና ከነአቧራቸው ተነሥተው ወደ ቀጣዩ ከተማ ይነዳሉ። እሑድ ሁለት ጨዋታ አለ፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ደርሰው ሦስተኛ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ የቆየ የጭነት መኪና ሹፌር ስለ መንገድ እንደሚያወራ ነበር። የጓሮ በሩ ጋ ሲደርሱ ብቻ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ከሁሉ የሚደጋግሙት ስለ አንድ ወርዋሪ ነበር። ረጅም፣ ግራኝ፣ ከእሳቸው በአንድ ዓመት የሚያንስ ልጅ። ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ሁልጊዜ ግራ ጆሮውን ይነካል። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሌባ ጣታቸውን የሰበረው እሱ ነው። "ቀጥ ያለውን ኳስ ጠየቅኩት፤ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የሚታጠፈውን ላከብኝ" ይሉ ነበር። የተናደዱ መስለው ይጀምሩና እየሳቁ ይጨርሱታል። ጣታቸው ሳይድን ዓመቱ አለቀ። ነጮቹ በራቸውን ሲከፍቱ ጥሩ ጥሩዎቹን ወጣቶች ወሰዱ፤ የጥቁሮቹ ሊጎች ቀስ በቀስ ፈረሱ፤ የቀረው ሰው እንጀራ ወዳለበት ተበተነ። ጋሼ ለፋብሪካ ሥራ ሲያትል መጡ። ያንን ልጅ ዳግመኛ አላዩትም። "ለምን የሚታጠፈውን እንደላከብኝ እስካሁን አልጠየቅኩትም" ይላሉ።

በፀደይ ወር ልጃቸው ኮል አደረገችልኝ። የከተማው ቡድን በዓመት አንድ ቀን ሶዶ ባለው ስታዲየም የእነዚያን የጥቁር ሊጎች ሰዎች ያስባል፤ በሕይወት ያሉትን ሜዳ ውስጥ አስገብቶ በስማቸው ይጠራቸዋል። (ሶዶ ስትለኝ እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ወላይታ ሶዶ ነው። እዚያ ደግሞ ምን ስታዲየም አለ ብዬ ቀረሁ፤ ለካ የሲያትልም ሰፈር ነው።) በዚያ ዓመት ከተጋበዙት አንዱ ወርዋሪው ነበር፤ ከደቡብ ድረስ ሊመጣ ነው። ጋሼም ከተጠሪዎቹ ጋር እንዲገቡ ልጃቸው ብትጠይቅ፣ አዘጋጆቹ በጨዋነት አንድ የጽሑፍ ማስረጃ ጠየቋት፤ የጋዜጣ ቁራጭም ይሁን ሌላ፣ ስማቸው ያለበት። ጋሼ ግን አንድም ወረቀት የላቸውም። የነበረው ምድር ቤቱ ውሃ የገባ ጊዜ በስብሶ ተጥሏል።

"የት ነው የሚፈለገው?" አለች ልጃቸው፣ እንደ መጨነቅ ብላ።

"መዝገብ ከሆነማ ለእኔ ተዪው" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

መሃል ከተማ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የነጮቹ ጋዜጦች የጥቁሮቹን ጨዋታ ብዙም ስለማይዘግቡ፣ ከድሮ የጥቁር ጋዜጦች የተጫዋቾችን ስም የለቀሙ ሰዎች አሉ፤ የለቀሙትንም ወፍራም መዝገብ አድርገውታል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መዝገቡን አምጥታ አጠቃቀሙን ልታሳየኝ ስትል "አይ ኖው፣ አይ ኖው" ብዬ መለስኳት። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ አንዲት ልጅ እግር ልታስተምረኝ። መነጽሬን አድርጌ በጋሼ ስም ፈለግኩ።

ስማቸውን የያዙ አራት ሰዎች ተደርድረዋል። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ሌላ ስም። ሁለተኛውን ስም ከጋሼ አባት ስም ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። አንዱም አይገጥምም። አራት ሞክሼ፣ የአራት አባት ልጆች። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ከዚያ መዝገቡን መልሼ ሠራተኛዋን አመስግኜ ወጣሁ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። ሸሚዛቸውን ቀይረዋል።

"የሉም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "አራት ሞክሼ አለዎት፤ እርስዎ ግን የሉም።"

"በደንብ አይተሃል?"

"ሦስት ጊዜ። ይህ እኮ ሥራዬ ነው።"

በማግስቱ ሳጥባቸው "የጨዋታውን ውጤት ለጋዜጣው የሚደውል ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዳንዴ ማንም አይደውልም" አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ፣ ካልሲያቸውን ሳደርግላቸው፣ ጣታቸውን አየት አደረጉና "ምናልባት የሰው ጨዋታ ይሆናል የማስታውሰው" አሉ። ያንን ጣት በየቀኑ እያጠብኩ መጽሐፉን አመንኩ። ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም።

ልጃቸው አልተወችም። "ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ከተመልካች ጋር ሆነህ ታየዋለህ፤ ሲያልቅ ሄደን ሰላም እንለዋለን" አለቻቸው። እንቢ አሉ። ብትለምናቸው፣ ብታኮርፋቸው፣ እንቢ። እሷ ከሄደች በኋላ ለእኔ ነገሩኝ።

"መጽሐፉ አያውቀኝም" አሉ። "እሱስ አላውቅህም ቢለኝ?"

ዕቃ አጣቢ መስዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ቀኑ ሲደርስ በቴሌቪዥን አየነው። አምስት ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱ ምርኩዝ ይዘዋል። አንደኛው ከሁሉም ይረዝማሉ። ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን ለሕዝቡ አነሡ፤ ግን ከማንሣታቸው በፊት ግራ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። ጋሼን ዞር ብዬ አየኋቸው። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

"ዝጋው" አሉኝ። ዘጋሁት።

በሲያትል ክረምት፣ በታኅሣሥ ግድም፣ ዝናብ በማያባራበት ሰሞን፣ ልጃቸው ያለ ቀኗ መጣች። ወርዋሪው አርፈዋል፤ ጋዜጣ ላይ አይታው ነው። በስልክ ልንገረው ብትል ከብዷት በአካል መጣች። ጋሼ ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከሰዓት በኋላ ጢማቸውን ስላጫቸው፣ ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ "ሳልጠይቀው" አሉ። እኔም ምላጩን አጥቤ ቀጠልኩ።

በሰኔ ወር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ ከትምህርት ቤት የተማሪዎች ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ፎቶዋን ልይ ብዬ በስሟ ፈለግኩ፤ የለችም። ደግሜ አየሁ፤ የለችም። ደሜ ፈላ። ከሁሉም ልጅ የእኔን ልጅ መርጠው ይረሳሉ? ሄጄ ላናግራቸው ጫማዬን ማድረግ ጀመርኩ። እሷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል "ዳድ፣ ሉክ አንደር ዩር ኔም" አለችኝ። በአንተ ስም ፈልግ ማለቷ ነው።

በስሜ ፈለግኩ። አለች። ስሜ ተጽፏል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የልጄ ስም፤ ከላይ እሷ ጥርሷን ብልጭ አድርጋለች። አንዱን ጫማ አድርጌ አንዱን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ፎርም ላይ ላስት ኔም፣ የቤተሰብ ስም፣ የሚለውን ስሞላ ዓመታት ሆኖኛል፤ እንግዳ አይደለሁም። ነገር ግን ፎርም መሙላትና መዝገብ መፈለግ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሥራዎች ነበሩ። መዝገብ ሲሰጠኝ እጄ አዲስ አበባ የለመደውን ነው የሠራው። የጋሼ አራት ሞክሼዎች ጭራሽ ሞክሼ አልነበሩም። የጋሼ ስም ለእነሱ የቤተሰባቸው ስም ነው፤ በእኛ ቋንቋ የአባታቸው። ጋሼን መፈለግ የነበረብኝ በአባታቸው ስም ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ያቺው ሠራተኛ ነበረች። "እባክሽ አሳዪኝ" አልኳት። ገጹን እሷ ገለጠችው። ጋሼ አሉ፣ በአባታቸው ስም ብቻ። ሰባት መስመር፣ ሰባት ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ጎን ካቸር የሚል ምልክት። በፊልም የተቀረፁትን የድሮ ጋዜጦች በማሽን አየን። በአንደኛው ላይ፣ ከትንንሽ ፊደሎቹ መሃል፣ ካቸሩ ጣቱ ተጎድቶ ከጨዋታው ወጣ የሚል አንድ መስመር አለ። ወርዋሪውም እዚያው ተጽፏል። ፕሪንት አድርጋ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ላይ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አዲስ አበባ መስኮቴ ጋ ቆመው የነበሩትን ባለጉዳዮች አሰብኩ፤ የስንቱ ፋይል ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ "የለም" ብያቸው ይሆን? እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ለጋሼ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የስም ነገራችንን፣ ሠራተኛዋ ላሳይህ ስትለኝ እንቢ ማለቴን፣ ሁሉንም። በማጉያ መነጽራቸው ሰባቱንም መስመር አነበቡ፤ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

"ስምዎ አልተጻፈም" አልኳቸው። "የአባትዎ ብቻ ነው ያለው።"

"ይሄ የእኔ ስም ነው።"

"በእኛ አገር የአባትዎ ነው።"

"አባቴ አንድም ጨዋታ አላየም" አሉ። "የሥራ ፈት ሥራ ነው ይለው ነበር።"

"ሰባቱም ላይ ግን አሉ፣ ጋሼ።"

ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጡ። "እሱ በሕይወት እያለ ነበር የምፈልገው" አሉ።

"አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ምንም አይደል አላሉኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስሜን መጥራት ተዉ። ሲፈልጉኝ በተጣመመው ጣታቸው የአልጋውን ራስጌ ያንኳኳሉ፤ እኔም አቤት ሳልል እሄዳለሁ። ለካ ያ የሚሰባብሩት ስሜ ደስ ይለኝ ኖሯል። ልጃቸው ልቀይርህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እሳቸው ካላሉ አልሄድም አልኳት። እሳቸው አላሉም። ወረቀቱን ግን ለአዘጋጆቹ ላከችው፤ በሳምንቱ ኦኬ የሚል መልስ መጣ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከማውንት ቤከር ጣቢያ በባቡር ሄድን፤ እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ልጃቸው ኮፍያቸውን ይዛ። ባለፈው ዓመት አምስት የነበሩት ዘንድሮ ሦስት ናቸው፣ ጋሼን ጨምሮ። አንድ ወጣት ዝርዝር ይዞ መጣና በቅደም ተከተል አቆማቸው። ዝርዝሩን አጮልቄ አየሁት፤ በአባት ስም ነው የተደረደረው። ጋሼ መጨረሻ ላይ ሆኑ። ሣሩ እርጥብ ስለነበር ጎማው አልሄድ ብሎ አስቸገረኝ።

ሁለቱ ተጠሩ። ተጨበጨበላቸው። ከዚያ የድምፅ ማጉያው የጋሼን ስም ጠራ፤ የራሳቸውን ስም፣ ቀጥሎ የአባታቸውን፤ ስታዲየሙ መልሶ አስተጋባው። ሕዝቡ ተነሣ። ልጃቸው እያለቀሰች በስልኳ ትቀርፃለች። እሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ አልዞሩም። ሜዳው መሃል ላይ፣ ወርዋሪው የሚቆምበት ትንሽ የአፈር ጉብታ አለ፤ በዚያን ሰዓት ማንም አልነበረበትም። እሱን ነበር የሚያዩት። የቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አነሡ፤ ግራ ጆሯቸውን ነኩ። ስሜን ሦስት ቦታ የሚሰብሩት ሰው ቃሏን አንድም ቦታ ሳይሰብሯት፣ ቀስ ብለው፣

"አቤት" አሉ።